የአደር ሮብሌ ቀኝ ጆሮ

አደር ሮብሌ መሞቱን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ነው። የወፍጮው ሞተር አልነሳ ብሎ ሰው ሁሉ እህሉን አጠገቡ አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። ባለወፍጮው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣና፣ «ሮብሌ ቢኖር ይቺን በአንድ ካቻቢቴ ያናግራት ነበር» አለ። እኔም ሞኝ፣ «ታዲያ ለምን ሰው አትልክበትም? ቤቱ እኮ ሩቅ አይደለም» አልኩት። ሰውዬው ትንሽ አየኝና፣ «አልሰማሽም እንዴ? አርብ ቀበርነው አቦ» አለኝ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። አራት ቀን ሙሉ እሱ በሌለበት ከተማ ውስጥ ስወጣ ስገባ፣ አሸዋ ገበያ ስከራከር፣ ከሰው ጋር ስስቅ ከርሜያለሁ። ስንዴዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ስለ እሱ ለመጻፍ ስነሳ መጀመሪያ ስለ ራሴ አንድ ነገር ማመን አለብኝ። ፈሪ ነኝ። በር ቆልፌ ወጥቼ፣ መንገድ ካጋመስኩ በኋላ ተመልሼ መቆለፉን የማይ ሰው ነኝ። በደርግ ጊዜ ፍርሃት የሁሉም ስለነበር የእኔ ተለይቶ አይታወቅም ነበር። ለይቶ ያወቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም አደር ሮብሌ ነው።

የምንሠራው ከከተማው ዳር፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሚሞላው ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ማዶ በነበረ አንድ የተወረሰ የብርቱካን እርሻ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ ፈረንጅ አዋጁ ሲታወጅ ሻንጣውን ይዞ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደ፤ ዛፎቹ፣ የጉድጓዱ ውኃ ሞተር፣ አንድ ትራክተርና ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ዘበኛ ቀሩ። እኔ ንብረት ክፍል ተቀጠርኩ። አደር ሮብሌ የውኃ ሞተሩ ኃላፊ ነበር። ሙያውን በወጣትነቱ ባቡር ከሚጠግኑ ሰዎች ነው የተማረው። «አደር» በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ግቢው ውስጥ አማራውም ኦሮሞውም እንደዚያ ነበር የሚጠራው።

ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነበር። ጺሙን ሂና ይቀባል፤ ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ ሰብስቦ ያስራል። ከእጁ የማይለይ ረጅም ካቻቢቴ ነበረው፤ የእንጨት እጀታው ከመያዝ ብዛት ወዝቶ ያብረቀርቅ ነበር። ሞተር ሲመረምር የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ቀኝ ጆሮው ላይ ይተክላል። ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በስልክ እንደሚነጋገር ሰው «እ... እ...» ይላል። ምን እንደሚሰማ አንድ ቀን ብጠይቀው፣ «ሆዷን አሟታል፣ ግን ገና አልነገረችኝም» አለኝ። ሰውም ሲያናግረው ያንኑ ጆሮውን ነበር የሚያቀርበው።

ገና ስንተዋወቅ ስሜን ጠየቀኝ። ዘነበች አልኩት። ሳቀ። የእሱም ስም በዝናብ ቀን የተወለደ ማለት እንደሆነ ነገረኝ። «ሁለት ዝናብ ባንድ ግቢ፣ ያውም ድሬ ውስጥ። ወላሂ ደቻቱ ይሞላብናል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ሆንን።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። እርሻው ሲወረስ ንብረት እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ፊት «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ግቢው ውስጥ ካለው ሮቃ ዛፍ ሥር ስለቆመው ትራክተር ጋሽ ወልዴን ጠየቅኳቸው። «ፈረንጁ እስከሄደበት ቀን ድረስ ሲሠራ ነበር» አሉኝ። «ይሠራል» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ዓመት ዝርዝሩን አምጪ ስባል ያለፈውን ዓመት ገለበጥኩ። በሚቀጥለውም ገለበጥኩ። መንግሥት ቤት ያገለገለ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ሁላችንም ያለፈውን ዓመት ነበር የምንገለብጠው። በዚህ መሀል የትራክተሩ ጎማ መሬት ውስጥ ሰመጠ፣ ዶሮ መቀመጫው ላይ እንቁላል ጣለች። በእኔ ወረቀት ላይ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ይሠራል።

ከሶማሊያው ጦርነት ጥቂት ዓመት በኋላ ጓድ በላቸው የሚባል አዲስ ኃላፊ ከአዲስ አበባ ተመድቦ መጣ። ገና ወጣት ነበር። ክፉ ነው ብል እዋሻለሁ፤ ፈሪ ሰው ነበር፣ እኔ ደግሞ ፈሪ አይጠፋኝም። በመጣ በሳምንቱ የእኔን ዝርዝር አነበበ። ከዚያ ስብሰባ ሄዶ፣ ከእሱ በላይ ባሉ ሰዎች ፊት፣ የምርት ዘመቻው ሲከፈት የእርሻችን ትራክተር የመጀመሪያውን ትልም እንደሚያወጣ ቃል ገባ። ትራክተሩን አላየውም ነበር። ያየው ሲመለስ ነው። ሮቃው ሥር ብዙ ቆየ። ከዚያ አስጠራኝና ዝርዝሩን ዘርግቶ ጣቱን «ይሠራል» የሚለው ላይ አሳረፈ።

«ይህ ያንቺ ጽሑፍ ነው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«አሥራ አምስት ቀን አለን። ካልተነሳ አንድ ሰው አሻጥር ሠርቷል ማለት ነው። ያ ሰው እኔ አልሆንም።»

አሻጥር የሚለው ቃል ያን ጊዜ ቀላል ቃል አልነበረም። በዚያ ቃል ከቤቱ ተጠርቶ ወጥቶ የቀረ ሰው ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከቢሮው እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት የውኃ ሞተሩ አጠገብ፣ አደር ሮብሌ ፊት ቆሜ ሳለቅስ ነው። ቀኝ ጆሮውን አዘንብሎ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ሄደሽ ሳታዪ ይሠራል ብለሽ ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«ስድስት ጊዜ?»

«ስድስት ጊዜ።»

«እጅሽ ካንቺ ይልቅ ደፋር ነው» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ወደ ሮቃው ዛፍ ተመለከተ። «ነገ በቀትር እመጣለሁ። ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ።»

የለመንኩት ነገር ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ ያን ዕለት አላሰብኩም። ከጦርነቱ ወዲህ በከተማችን ሶማሌ የሆነ ሰው ሁሉ በዓይን ይታይ ነበር። ገበያ መሀል ሶማሊኛ ሲያወራ የነበረ ሰው ታጣቂ ሲያይ ወደ አማርኛ ይዞር ነበር። እኔ ትራክተሩን ነክቼ ቢበላሽ ሞኝ እባላለሁ። እሱ ነክቶት ቢበላሽ ሌላ ስም ይሰጠዋል። እሱ ይህን አውቆ ነው ነገ እመጣለሁ ያለኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ በቀትር የሚሠራ ሰው የለም። ቢሮ ይዘጋል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ፍየል እንኳ ጥላ ፈልጋ ትተኛለች። አደር ሮብሌ የመረጠው ያንን ሰዓት ነበር፤ ግቢው ጸጥ ሲል የብረት ድምፅ ይሰማል ይል ነበር። ጫቱን በጉንጩ አድርጎ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ትራክተሩን ሦስት ጊዜ ከመዞርና ከጭስ ማውጫው የተርብ ጎጆ ከማውጣት በቀር ምንም አልሠራም። በሁለተኛው ቀን እንደ ሬንጅ የረጋውን አሮጌ ናፍታ አስወጣ፤ ናፍታ የሚረጩትን አራት ክፍሎች ፈታና በየቀዳዳው ዘይትና ናፍታ ቀላቅሎ አንቆረቆረ። ከፊት ያለው መዘውር ላይ በጠመኔ አንዲት መስመር አሰመረ። የእጅ ማዞሪያውን ብረት ሰክቶ ባለ በሌለ ጉልበቱ ተጫነው። የጠመኔው መስመር ንቅንቅ አላለም።

«ካላስ፣ ለዛሬ በቃ» አለና ጥላው ሥር ተቀመጠ።

«እንዴት ይበቃል? ገና ምን ሠራንና?»

«ዘይቱ እየሠራ ነው። ለምን ትረብሺዋለሽ?»

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት፣ ማታ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት፣ እየሄድኩ ያቺን መስመር አያለሁ። ማንም ሳይነካው የሚሽከረከር ይመስል። አደር ሮብሌ ይህን ሲያይ የተፈቱትን ቡሎኖች ሁሉ ሰብስቦ በቆርቆሮ ሰጠኝ። «አንድ በአንድ በናፍታ እጠቢና ጨርቅ ላይ ደርድሪልኝ። እጅሽን አበድሪኝ፣ ጭንቅላትሽን ለራስሽ ያዢው» አለኝ። በየቀትሩ ቡሎን አጠብኩ። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ለወራት አልለቀቀም።

በአምስተኛው ቀን ብረቱን ተጫነው፣ ተጫነው፣ ከዚያ ድንገት ለቀቀው። መስመሩ አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ነበር። አደር ሮብሌ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ሰላም ብላለች» አለ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ፣ እኔ ሁሉን ነገር በለቅሶ ነው የምቀበለው።

በስምንተኛው ቀን የጓድ በላቸው ትዕግሥት አለቀ። ወደ ሁርሶ ያልፍ የነበረ ከባድ መኪና ለምኖ አመጣና በሽቦ ገመድ ጎትተን እናስነሳው አለ። አደር ሮብሌ ከትራክተሩ ፊት ሄዶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ተነስ ከዚህ» አለው ጓድ በላቸው።

«አንተም ተቀመጥ፣ እናውራ። ይቺ ስድስት ዓመት ተኝታለች። አሁን ጎትተህ ብታስሮጣት ውስጧ ይሰበራል። ለአለቆችህ የተሰበረች ትራክተር ነው የምታሳየው?»

ጓድ በላቸውን ያስደነገጠው ነገሩ አልነበረም፤ «አንተ» መባሉ ነው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብርቅ ነው። ወላጆቼ ከደጋ የመጡ ስለሆኑ ጋሽ ወልዴን አንቱ እላለሁ እንጂ አደር ሮብሌን እኔም አንተ ነበር የምለው። አዲሱ ኃላፊያችን ግን ገና አልለመደውም። ፊቱ ተለዋወጠ፤ የመኪናውን ሾፌር አሰናበተ። ያቺ «አንተ» ግን ሆዱ ውስጥ እንደቀረች አየሁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የምፈራው ነገር አንድ ጨመረ።

ሦስት ቀን ሲቀረን ሁሉ ነገር ገጥሞ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ናፍታውን ለሞተሩ የሚመጥነው ፓምፓ ውስጥ አንድ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ለዓመታት ሲቆም ናፍታው ይደርቅበትና ይጣበቃል። አደር ሮብሌ ሲሞክረው አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይይዛል። ፓምፓውን አውርጄ ልጠበው፣ አራት ቀን ስጠኝ ብሎ ጠየቀ። ጓድ በላቸው አልሰጠውም። «ሆን ብለህ ነው የምታጓትተው» አለው፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

በዚያን ቀን ቀትር አደር ሮብሌ ጠራኝ።

«ስሚ። ይሄ እንደ ቤንዚን መኪና ቁልፍ ዘግተሽ የምታጠፊው ሞተር አይደለም። ናፍታ ካገኘ ይሄዳል። ያ ዘንግ ክፍት እንደሆነ ከያዘ፣ ያለ ልክ ይጠጣል፣ ያለ ልክ ይሮጣል፣ ብረቱ እስኪበታተን። ያን ጊዜ የሚያቆመው አንድ ነገር ነው፤ ትንፋሹን መያዝ።»

ከሞተሩ በላይ ብቅ ያለውን አየር የሚስብበት ቧንቧ አሳየኝ። ክዳኑን አስቀድሞ አውልቆታል። ከዚያ አንድ ወፍራም ጣውላ አመጣ፤ በደንብ አለስልሶት በአንድ በኩል የጎማ ላስቲክ መትቶበታል።

«መጮህ ከጀመረች እኔ ከላይ ናፍታውን ለመዝጋት እታገላለሁ። አንቺ ይሄንን በላስቲኩ በኩል ቧንቧው አፍ ላይ ትጫኛለሽ። በባዶ እጅሽ እንዳትነኪው።»

«እኔ? ለምን እኔ?»

«ሌላው ይሮጣል። አንቺ ስትደነግጪ አትሮጪም፣ ባለሽበት ነው የምትደርቂው። አይቼሻለሁ።» ጣውላውን ከኋላ ጎማው ሥር አስቀመጠው። «በኋላ ማንም ቢጠይቅሽ የሮብሌ ሥራ ነው በይ። እኔም እንደዚያ ነው የምለው።»

ቀኑ ደረሰ። ግቢው ለእንግዶች ተሰናድቶ ነበር። የመንገዱ ዳር ድንጋዮች ኖራ ተቀብተዋል፣ የብርቱካኖቹ ግንድ እስከ ወገቡ ነጭ ሆኗል፣ ትራክተሩ ላይ ባንዲራ ታስሯል። እኔም ለበዓሉ ብዬ እናቴ የገዛችልኝን ቢጫ ሻሽ አሰርኩ። እንግዶቹ ጥላው ሥር ወንበራቸውን ሲይዙ ጎንበስ ብዬ የኋላ ጎማውን ሥር አየሁ። ጣውላው የለም።

«ጋሽ ወልዴ፣ እዚህ የነበረው ጣውላ የት ሄደ?»

«ያ ለስላሳው? ግቢ ሳጸዳ አግኝቼ መፈክር ለሚጽፉት ሰጠኋቸው፤ ጣውላ አጥሯቸው ነበር» አሉኝ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

ቀና አልኩ። ጣውላዬ ከትራክተሩ ጎን በቆመ እንጨት ላይ በሲባጎ ታስሮ ተሰቅሏል። «ምርታችንን በእጥፍ እናሳድጋለን!» ይላል፣ በቀይ ቀለም። ላስቲኩ ከኋላ ነው። ወደ አደር ሮብሌ ዞርኩ፤ እሱ ግን መቀመጫው ላይ ወጥቷል፣ ጓድ በላቸውም እጁን አንስቷል። ሄጄ እንጨቱ አጠገብ ቆምኩ። ሌላ የማደርገው አልመጣልኝም።

ከጭነት መኪና በተዋስነው ባትሪ ማስነሻው ሞተሪኖ አቃሰተ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ትራክተሩ ነጭ ጭስ ተፋና ተነሳ። ሰው አጨበጨበ። ጓድ በላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት፤ ጥርሱ የልጅ ጥርስ ነበር። አደር ሮብሌ ከመቀመጫው ጎንበስ ብሎ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፣ እጀታውን ቀኝ ጆሮው ላይ አደረገ። ፊቱ ሲለወጥ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ድምፁ ከፍ አለ። ከዚያም ከፍ አለ፣ መቆሚያ አጣ። መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጥቁር ጭስ ወጥቶ ዛፉንም እንግዶቹንም ዋጣቸው፤ ወንበር ሲገለበጥ፣ ሰው ሲሮጥ ይሰማኛል። አደር ሮብሌ እንዳለው እኔ አልሮጥኩም። ደርቄ ቆምኩ፤ ግን የደረቅኩት ጣውላው አጠገብ ነበር። እጄ ሲባጎውን ሲበጥስ አየሁት። የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር። ጣውላውን ቧንቧው አፍ ላይ ጫንኩት፤ ሞተሩ ከእጄ ነጥቆ ወደ ራሱ ሳበው። ሁለት ጊዜ ተንፈራገጠና ጸጥ አለ።

ወዲያው አንድ ትከሻ ገፍቶ አራቀኝ። ጭሱ ሲገለጥ ጣውላው ላይ እጁን ጭኖ የቆመው አደር ሮብሌ ነበር። ቀዩ ጽሑፍ ወደ ላይ ዞሮ ይነበባል።

«ማነው ያጠፋው?» አለ ጓድ በላቸው። ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

አፌን ከፈትኩ።

«እኔ ነኝ» አለ አደር ሮብሌ።

«ይሠራ ነበር። ሁሉም ሰው አይቷል። የሚሠራ ትራክተር መፈክር ገንጥለህ አፈንክበት።»

«ትንሽ ቢቆይ ይፈነዳ ነበር፤ አንተም አጠገቡ ነበርክ።»

ሁለት ታጣቂዎች ክንዱን ያዙት። አደር ሮብሌ ካቻቢቴውን ለእኔ አቀበለኝ። «አስቀምጪልኝ» አለ። እኔም አፌን መልሼ ገጥሜ ቆምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ በላቸው ቢሮ ገባሁ። ወንበሩን በሁለት እጄ ይዤ ነው የተናገርኩት።

«ጣውላውን የጫንኩት እኔ ነኝ።»

ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«ሪፖርቱ ትናንት ሄዷል። ሮብሌ ብቻውን ነው ይላል። አሁን ሌላ ሰው ነው ብል፣ ያንን ለምን ጻፍክ ይሉኛል። አልሰማሁሽም። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።» ከበሩ ሳልወጣ ደግሞ፣ «ሌላ ሰው አምጥቼ ዛሬውኑ አስነሳዋለሁ» አለ።

ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ። «ፓምፓው ሳይታጠብ ቢነሳ እንደ ትናንቱ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ጣውላ የሚጭን የለም። ሪፖርቱ ላይ የማንን ስም ልትጽፍ ነው?»

ሰምቶኛል። ሳምንት ሙሉ መካኒክ ሲያፈላልግ ሰነበተ፤ ወሬው ከተማውን ስላዳረሰው ያንን ትራክተር ሊነካ የደፈረ ሰው ጠፋ። በዘጠነኛው ቀን አደር ሮብሌን ከአንድ ታጣቂ ጋር አመጡት።

ከስቷል። ሂናው ከጺሙ ለቆ ሽበቱ ወጥቷል። ማንንም ሰላም ሳይል ተቀምጦ ፓምፓውን ፈታ፤ ያን ቀጭን ዘንግ አውጥቶ በመዳፉ ለጓድ በላቸው አሳየው። ጥቁር ነገር ልክ እንደ ሙጫ ተጋግሮበታል። ቀኑን ሙሉ ሲያጥብ ዋለ። አሥር ሰዓት ላይ ትራክተሩ ተነሳና ለስለስ ባለ ድምፅ መሥራት ጀመረ። አደር ሮብሌ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ካቻቢቴውን ሰጠሁት። ጫፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ፣ እጀታውን ቀኝ ጆሮው ላይ ተከለ። ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጀታውን ወደ ግራ ጆሮው አዞረው። ዓይኑን ጨፈነ። «እ» አለ።

ጓድ በላቸው ጫማውን ያይ ነበር። የዚያኑ ዕለት ማታ፣ ይቅርታም ምክንያትም ሳይባል፣ ወደ ቤትህ ሂድ ተባለ።

በማግስቱ ሥራ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቅኩት። እንዲወቅሰኝ እፈልግ ነበር። በግራ ጆሮው በኩል እንድዞር በእጁ ምልክት ሰጠኝና፣ «ያ ቢጫ ሻሽ አያምርብሽም፣ ብርቱካን አስመስሎሻል። ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አለኝ። ብቻ ይህን። እውነት ለመናገር ተቀየምኩት። ሻሹን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲያ አላሰርኩትም።

አብረን ሌላ አራት ዓመት ሠራን። የግቢው ሰው ሁሉ በግራው በኩል መምጣት ለመደ። ስለ ዘጠኙ ቀን አንድም ቀን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ሲስቅ እንደ ድሮው ይስቃል፤ ቡሎን ሲያሳጥበኝ እንደ ድሮው ያሳጥበኛል። ካቻቢቴውን በግራ ጆሮው ላይ ሲያደርግ ግን እኔ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ አይ ነበር። ኋላ እርሻው ፈረሰ፣ ደርግም ወደቀ፣ ጓድ በላቸው የት እንደገባ አላውቅም። አደር ሮብሌን አልፎ አልፎ ገበያ አገኘዋለሁ፤ «ዝናቧ» ይለኛል፣ ግራ ጆሮውን አቅርቦ።

ከወፍጮ ቤቱ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ፋዱማ ነጭ ለብሳ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከፊታችን የውኃ በርሜል አለ፤ የተከደነው በአንድ ወፍራም ጣውላ ነው። ላስቲኩ ወደ ውስጥ፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ። ፀሐይ አብዛኛውን በልቶታል፤ «እናሳድጋለን» የሚለው ብቻ በደብዛዛው ይነበባል። ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ፋዱማ አየችኝ።

«የተፈታ ቀን ይዞት መጣ» አለች። «በርሜል ላይ ልክ ሆነ። ስለ ጆሮው ነግሮሽ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ስለ ትራክተሩ እኮ አልጠየቁትም። ከእንግዶቹ አንዱ ጭሱ ውስጥ ቢጫ ሻሽ አየሁ ብሎ ነበር። ሴትዮዋ ማን ናት፣ ማን ላካት፣ ይሉታል። ሴት የለችም ይላል። ይመቱታል። ሴት የለችም ይላል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይሄንኑ።» ጉልበቴን መታ መታ አደረገችኝ። «አንቺ አታልቅሺ። ቆጭቶት አያውቅም። ‹የልጅቷ ስም አንዴ ከአፍ ከወጣ አለቀላት፣ ከአፌ ግን አልወጣም› ይል ነበር። በዚህ ነው የሚኮራው።»

ስሜ ከአፍ ወጥቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ከገዛ አፌ፣ በተዘጋ በር ውስጥ። ጓድ በላቸው ሴትዮዋ ማን እንደሆነች እያወቀ ዝም አለ። እኔም፣ አላወቅኩም እንዳልል፣ እሱ ዝም እንደሚል አውቄ ነው የወጣሁት። አደር ሮብሌ የታሰረበት ቤት ከእርሻው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። ከዚያ ቢሮ ወጥቼ በእግሬ ብሄድና ያንኑ አራት ቃል እዚያ ብናገር፣ የሚጠይቁት ነገር ባልኖራቸው ነበር። አልሄድኩም። ሥራሽን ሥሪ ተባልኩ፣ ሥራዬን ሠራሁ።

ይህን ለፋዱማ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ለቅሶዬ ያደከመኝ መስሏት ተነሳች፤ ጣውላውን አንስታ በጣሳ ውኃ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። ሌሎች ለቀስተኞች በበሩ ሲገቡ ልትቀበላቸው ሄደች። በርሜሉ ክፍት ቀርቶ ነበር። ጣውላውን መልሼ የከደንኩት እኔ ነኝ።